ባለቤቴ ሲጠጣው የከረመው

ባለቤቴ በመጨረሻዎቹ ወራት ቡና ነው እየተባለ ቡና ያልሆነ ነገር ሲጠጣ ከርሞ ሞተ። ያፈላችለት የገዛ ልጃችን ናት። ይህ በደል ነው፤ በደል ተብሎ ይጻፍልኝ። ጎረቤቶቼ "ተይው፣ ለሞተ ሰው ምን ይጠቅመዋል?" ይሉኛል። ሕያው ሰውማ ለራሱ ይከራከራል። ለሞተው ካልተከራከርኩለት ማን ሊከራከርለት ነው? ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቢሆንም ፊደል እጥላለሁና እኔው ጻፍኩት።

እኔ የሐረር ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ቡና በጨው ስጠጣ ነው። እሱ እዚህ ሐርጌሳ ተወልዶ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነበር። ዝንጅብል፣ ሄል፣ ቅርንፉድና ስኳር ካልገባበት ቡና ወደ አፉ አያስጠጋም። ስንጋባ አንድ ማንቆርቆሪያ ብቻ ነበረን፤ ሳምንት ሳይሞላን ተጣላንበት። ከዚያ ሁለት ገዛን፤ ክዳኑ ሰማያዊው የእሱ ሆነ፣ ሌላው የእኔ። ወደዚህ አገር መጥተን ጋአን ሊባህ ሰፈር ቤት ስንከራይም ከዕቃችን ሁሉ መጀመሪያ የተፈቱት ሁለቱ ማንቆርቆሪያዎች ናቸው።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ በርጩማዬን ይዤ ፊት ለፊቱ። ቀኑን ሙሉ ብንኮራረፍም በዚያች ሰዓት እንታረቃለን።

"ያንቺ ቡና እኮ የበርበራ ባሕር ነው" ይለኛል። "ጀልባ ቢኖረኝ እሻገርበት ነበር።"

"ያንተ ደግሞ ሠርግ ቤት ነው፤ ቅመሙ ሁሉ ተጠርቶ ቡናዋ ውጭ ቀርታለች" እለዋለሁ።

መሞከር እወዳለሁ። እዚህ ቦቴ የሚያመጣው ውሃ ራሱ ጨው ጨው ስለሚል ጨዌን መቀነስ ተማርኩ። የብርቱካን ልጣጭ ጣሪያ ላይ አድርቄ ከቀረፋ ጋር ወቅጬ ቡናው ላይ ነሰነስኩ። የቡናውን ቅርፊት በግመል ወተትና በዝንጅብል አፈላሁት፤ ለብርድ ቀን እንደዚያ ያለ ነገር የለም። አንድ ጊዜ ቅቤ ላይ ጥቁር አዝሙድ ጨምሬ አበላሸሁት። የሠራሁትን ሁሉ የሚቀምሰው እሱ ነበር። ፂሙን እየዳበሰ እንደ ቃዲ ይፈርዳል፤ "ይህችኛዋ በነፃ ትለቀቅ" ይላል፣ ወይም "ይህችስ ትታሰር፤ ጠያቂም አይግባባት።"

አንድ ቀን ልፈትነው ብዬ በሁለት ጣቴ ጫፍ የያዝኳትን ጨው የእሱ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጣል አደረግኩ። ያ ሁሉ ዝንጅብልና ስኳር አለበት እኮ! ሲኒውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ገና ሳይውጥ ቀና ብሎ አየኝ።

"አንቺ ሴት፣ ባሕሩ ሞልቶ ወደ እኔ ፈሰሰ እንዴ?"

ይህን የማነሳው ምላሱ ምን ዓይነት ምላስ እንደነበር እንዲታወቅልኝ ነው።

ኋላ የዓይኔ ሞራ ተገፈፈልኝና ሐኪሙ ከጭስ እንድርቅ አዘዘኝ። ልጄ ከመሐመድ ሞጌ ሰፈር በአውቶቡስ እየመጣች ታፈላልን ጀመር። የእኔን ቡና እኛው ቤት ትወቅጣለች፤ የአባቷን ግን ፈጭታ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዛ ትመጣለች። "አባ ደቀቅ ያለ ነው የሚወደው፣ እኛ ሰፈር ያለው ወፍጮ ይሻላል" ትለኛለች። መረቅኳት። እሱ በዚያ ሰሞን ከስቶ ነበር። ከመስጊድ ሲመለስ ግድግዳ ይዞ ይቆማል፣ ደረጃውን መሀል ላይ እያረፈ ይወጣል። እርጅና ነው አልኩ። ከሲኒው ፉት ይልና "ማሻአላህ" ይላል። መፍረዱን ትቶ ነበር፤ የእኔን ቡና መስደቡን ግን አልተወም።

አንድ ቀን ለሱብሒ ሰላት ብቀሰቅሰው አልተነሳም። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ለተዕዚያ የመጣው ለቀስተኛ ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል ከእሱ ማንቆርቆሪያ መጠጣት አማረኝ። ያን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር የእሱን ቡና አንድ ሲኒ ሙሉ ጠጥቼ አላውቅም ነበር። የሐኪሙን ትእዛዝ ትቼ ከሰል አያያዝኩ። ከቆርቆሮው ዱቄቱን፣ ከየብልቃጡ ዝንጅብሉን፣ ሄሉን፣ ቅርንፉዱን አወጣሁ። ስኳሩን እሱ እንደሚወደው አበዛሁት። ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ፉት አልኩ። ዝንጅብሉ መጣ፤ ቅርንፉዱ መጣ፤ ስኳሩም መጣ። የቡናውን ምሬት ጠበቅኩ። አልመጣም። የተቃጠለ እንጨት የመሰለ ነገር ምላሴ ላይ ቀርቶ ጠፋ።

ተነሥቼ ከቆርቆሮው ዱቄቱን ደረቁን ቀመስኩት። የተምር ዘር ነው። ተቆልቶ የተፈጨ የተምር ዘር። አውቀዋለሁ፤ ድሬዳዋ ሳለን አንድ ነጋዴ ከቡና ጋር እየቀላቀለ ሲሸጠው ደርሼበት ገበያው መሀል ጆንያውን አስደፍቼዋለሁ። በእንግዳ ሰው ያልፈቀድኩት ነገር በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ባሌ ላይ ተሠርቶ አገኘሁት።

በማግስቱ ልጄ ስትመጣ ቆርቆሮውን ፊቷ አስቀመጥኩት።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የአባ ቡና።"

"ቡና? ወላሂ በይኛ!"

ቆርቆሮውን ወደ እኔ መልሳ ገፋችው።

"የተምር ዘር ለፍየል ነው የሚሰጠው። አባትሽን ከፍየል ቆጠርሽው?"

"እማ፣ ለጤናው ነው።"

"ያውቅ ነበር?"

ዓይኗን ወደ ከሰሉ አዞረች።

"ያውቅ ነበር ወይ ነው ያልኩሽ!"

"አልነግርሽም" አለችኝ።

"አያውቅም ነበር" ብትል ይሻለኝ ነበር። "አልነግርሽም" ማለቷን ግን እኔ "አያውቅም" ብዬ ተረጎምኩት። አንዲት ቅንጣት ጨው ያላመለጠችው ምላስ በበሽታ ደክሞ ነበር ማለት ነው። እሷም ድካሙን አይታ ተጠቀመችበት። እሱ ምስኪኑ የተቃጠለ ዘር እየጠጣ "ማሻአላህ" ሲል እሷ ጓዳ ሆና ትሰማለች።

ከዚያ በኋላ ከእጇ ውሃም አልቀበል አልኩ። ብትመጣም በር ላይ ሰላም ብያት ፊቴን አዞራለሁ። ጎረቤቴ ልትሸመግል መጣች።

"ሐኪም ከልክሎት ይሆናል እኮ። ልጅቷ መልካም ነው የሠራችው።"

"መልካም ከሆነ ለምን ተደብቆ ይሠራል? ይንገሩትና እሺም እምቢም ይበል። ገላው የእሱ ነው፣ ምላሱም የእሱ ነው።"

"አንቺ ደግሞ ለሞተ ሰው ፍርድ ቤት ልትቆሚ ነው።"

"እቆማለሁ!"

አማቼም ስልክ ደወለ። "እናቴ፣ በአላህ ይሁንብዎት፣ አውፍ ይበሏት። ቤት ውስጥ እያለቀሰች ነው" አለኝ። መጀመሪያ መልሱን ታምጣ፣ አውፍታው ከዚያ በኋላ ነው አልኩት።

ከዐስር በኋላ ብቻዬን መቀመጥ ጀመርኩ። በጨው አፈላለሁ፣ እቀዳለሁ። ጣዕሙ ያው ነው። ቡናዬን የሚሰድብልኝ ግን አጣሁ። አንዳንዴ የብርቱካን ልጣጩን እነሰንስበትና ይህችኛዋ ትታሰር ወይስ ትፈታ እያልኩ ምንጣፉን አያለሁ። ከዚያ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል።

ዒድ ልጄ ሳትመጣ አለፈ። እዚህ ድረስ ጽፌ ነበር። ከዒድ በኋላ አንድ ጁምዓ በሩ ተንኳኳ። ልጄ ናት፣ ባዶ እጇን። ገብታ ከምንጣፉ ራቅ ብላ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። ተነሺ አላልኳትም።

"አባ አስምሎኝ ነበር" አለች። "እጄን ቁርአን ላይ አስጭኖ። ምን ላድርግ ብዬ ሼኹን ጠየቅኳቸው። 'እናትሽ በዝምታሽ ከተጎዳች ንገሪያት፤ ለሚፈርሰው መሐላሽ ማካካሻ ግን ችግረኛ አብዪ' አሉኝ። ትናንት ሩዝ ሠርቼ፣ እኛ ሰፈር መንገድ ዳር ሥራ የሚጠብቁትን የቀን ሠራተኞች አበላሁ። አሁን ጠይቂኝ።"

"ያውቅ ነበር?"

"እሱ ነው ያሠራኝ። ሐኪሙ 'ልብህ ደክሟል፣ ቡና በቃህ' ሲለው አብሬው ነበርኩ። ስንወጣ እጄን ያዘኝና 'እናትሽ ይህን ከሰማች የእኔን ማንቆርቆሪያ ትሰቅላለች፤ የእኔን ከሰቀለች ደግሞ የራሷንም ትሰቅላለች። እኩል ካልሆነ አይሆንላትም። ከዚያ ከዐስር በኋላ ምን ይዘን ልንቀመጥ ነው? አንድ ጥቁር ነገር ፈልጊልኝ' አለኝ። የተምሩን ዘር ያሳየኝም እሱ ነው።"

"ይጣፍጠው ነበር?" አልኳት።

"የት ይጣፍጠዋል!" አለች እያለቀሰች። "ልሄድ ስል በር ድረስ ይሸኘኝ የለ? ያኔ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ይልና 'የማይጠጣ ነገር ነው' ይለኛል። 'ነገም ግን አምጪው።'"