ላሽም አይደለም፣ ቆረቆርም አይደለም

ደሴ ውስጥ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረች ክፍል፣ አራት ነበርን። በሩ አጠገብ የሰኞ ገበያው ፀጉር አስተካካይ፣ ከእሱ ቀጥሎ ከደሴ ዙሪያ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ጴንጤ ነህ ተብሎ የታሰረ የኮምቦልቻ አስተማሪ፣ ጥግ ላይ በዕድሜ ከሁሉ የማንሰው እኔ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

እኔ ኮምቦልቻ ሬዲዮ እጠግን ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ የተበላሹትን እየፈታሁ ነው የለመድኩት። የያዙኝ አንድ ደንበኛ ያመጣው ሬዲዮ የተከለከለ ጣቢያ ላይ ቆሞ ስለተገኘ ነው። የባለቤቱን ስም አልተናገርኩም። በሦስተኛው ቀን መርማሪው ፀጉሬን በእጁ ጠቅልሎ ነጨው። ስመለስ ኮሌታዬ ላይ ፀጉር ነበረ። አስተካካዩ አንዷን አንሥቶ በበሩ ስንጥቅ ወደሚገባው ብርሃን አስጠጋና ሥሯን አየ።

በሳምንቱ ከበላይ አንድ ሹም እስረኛ ሊጎበኝ መጣ። ከዚያ በፊት መርማሪው አስተካካዩን በሩ ላይ ጠርቶ የመፈቻ ወረቀቱን አሳየው። የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር። ሁላችንም ሰማን፦

"የልጁ ራስ ላይ ያለው ቆረቆር ነው። ባለሙያ ነህ፤ ሲጠይቁህ ይህንኑ ትላለህ። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።"

አስተካካዩ ሦስት ልጆች ነበሩት። መርማሪው ዞር ሲል ሽማግሌው፣ "አብሽር ልጄ፤ እንዳለህ በልና ውጣ። አላህ ልብህን ያውቃል" አሉት። እኔም በል ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

"ራስህን አታወዛውዝ፣ አንተ ሬዲዮ፤ ቁስሉ ይከፈታል" አለኝ እሱ።

ሹሙ የተተኮሰ ካኪ ለብሶ፣ የሳሙና ሽታ ይዞ ገባ። ራሴን አይቶ፣ "ይሄ ምንድን ነው?" አለ።

"ቆረቆር ነው ጓድ፤ ይኸው ባለሙያው ይንገርዎት" አለ መርማሪው።

አስተካካዩ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ሱቁ ውስጥ እንዳለ ሁሉ፣ ጣቱን ራሴ ላይ አሳረፈ።

"ቆረቆር ቢሆን ጓድ፣ ፀጉሩ አጥሮ ይሰበራል፤ ቆዳውም አመድ ይለብሳል። አመድ የለም። ላሽ ቢሆን ክብ ሆኖ እንደ እንቁላል ይለሰልሳል፤ አያምም። ይሄ ያማል።" ጫን አደረገው። ተሸማቀቅኩ።

"ተስቦ ይሆናላ!" አለ መርማሪው።

"የተስቦ የሚረግፈው ሰውየው ከዳነ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ያውም ከመላው ራስ። ረሃብም እንደዚያው ያሳሳል። ሹሩባ ሲጠብቅ የሴቶቹን ከግንባር ጠርዝ ይበላል። አራስም ይረግፍባታል፤ ይሄ ልጅ አልወለደም።"

አስተማሪው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

"የዘር መላጣ ደግሞ" አለ አስተካካዩ፣ "እንደ ጓድ መርማሪው ከፊት ይጀምራል።"

"ታዲያ ምንድን ነው?" አለ ሹሙ።

"እጅ ነው፣ ወላሂ። አሥራ አምስት ዓመት ሰው ራስ ላይ ቆሜያለሁ። ይሄን ቆረቆር ነው ብዬ ወጥቼ፣ ነገ የማንን ራስ እነካለሁ?"

ሹሙ ራሴን አንዴ ደግሞ አይቶ ወጣ። መርማሪው ወረቀቱን አራት አጥፎ ኪሱ ከተተ። አስተካካዩ ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ታስሯል።

በሩ እንደተዘጋ ጣቱን ከመጠጫችን ጣሳ አርሶ፣ የቀረውን ፀጉሬን በስባሪ ማበጠሪያ ያበጥር ጀመር።

"በጎን አሳልፌ ልሸፍንልህ?"

"አትሸፍነው። ነገም ሲጠሩኝ ይታያቸው።"

"እንግዲያው ዙሪያውን አጠራልሃለሁ" አለ፤ አጠራውም። በማግስቱ እንደዚያው ሆኜ መርማሪው ፊት ቀረብኩ። የሬዲዮውን ባለቤት ስም ያን ቀንም አላገኘም።

ፀጉሬ በቅሏል። ዛሬም የምስተካከለው ሰኞ ገበያ፣ እሱ ዘንድ ነው። ስለዚያ ቀን ስጠይቀው፣ "ራስህን ቀጥ አድርግ" ብቻ ይለኛል።

ክፍላችን መስታወት አልነበራትም፤ ያን ቦታ እኔ ራሴ አይቼው አላውቅም። ጣቴ የሚያስታውሰው ከአናቴ በስተግራ፣ ሦስት ጣት ያህል መሆኑን ነው። ገበሬው አባታችንና አስተማሪው፣ ይህ ከደረሳችሁ፣ ስፋቱንና በየትኛው ጎን እንደነበረ ንገሩኝ፤ የሳትኩትንም አርሙኝ። ሹሙም ነበረ፤ አይቷል። እሱም ይጨምርበት።