ማዳሟ አማርኛ አታነብም

ማስተማር የጀመርኩት አንድ እሑድ፣ ዐረብ አገር፣ ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ በሚባል ሰፈር፣ ከልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል ነው። ሰሌዳዬ ከቁም ሣጥን የተነቀለ በር ነበር። ማርከሮቼ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ቀይ። መዝገቡን በማስመሪያ አስምሬ፣ የትምህርት ዕቅዱን በአራት ከፍዬ ጽፌ ነበር፦ ዓላማ፣ መግቢያ፣ ማቅረቢያ፣ ግምገማ።

ተማሪዎቼ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። እኔም ሁለት ዓመት እንደነሱ ሠርቻለሁ፤ ከዚያ በፊት ደብረ ብርሃን አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር። የዐረብኛ ፊደል ላስተምር ተዘጋጅቼ ስገባ፣ ከፊት የተቀመጠችው እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ፊደሉ ይደርሳል። ቪዲዮ ላይ ጽሑፍ እንዴት ነው የሚለጠፈው?" አለችኝ። የመጀመሪያው ቀን ዕቅዴ በዚሁ አበቃ። ለሚቀጥለው እሑድ "የስልክ አጠቃቀም" ብዬ አዲስ ምዕራፍ ከፈትኩ።

ዘይነባ ወደ ክፍሌ የመጣችው በሦስተኛው ዓመቴ ነው። የወሎ ሴት ናት፤ አሽራፊዬ ሰፈር አንድ ቤት ትሠራለች። ውሏን ጨርሳለች፤ ፓስፖርቷ ግን በአሠሪዋ፣ በማዳሟ መሳቢያ ውስጥ ነው። በጠየቀች ቁጥር መልሱ "ቡክራ" ነበር፤ ነገ ማለት ነው። ልጇ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ትገባለች። "ስመጣ ጡት ገና መተዋ ነበር። ሌላው ቢቀር ትምህርት ቤት እንኳ እጇን ይዤ ላስገባት" አለችን። ጊዜው ሰኔ ነበር።

ክፍሉ በአንድ ድምፅ በቪዲዮ ዘመቻ ይደረግ አለ። ዘመቻ ከተባለ እኔ የሥራ ክፍፍል ማውጣት እወዳለሁ። በበሩ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ አንዷ ታነባለች፣ አንዷ ቪዲዮውን ትቆርጣለች፣ ሁለቱ ጽሑፉን ያርማሉ። ዘይነባ ፊቷ ሳይታይ፣ በረንዳ ላይ ልብስ የሚያሰጡ እጆቿን ብቻ ቀርጻ አመጣች። ከኋላ አረንጓዴ መስመር ያለው የበረንዳ መጋረጃ ይታያል። "ፓስፖርቷን መልሱላት" ብለን በቢጫ ጻፍንበት። የፊደል ስሕተት እንዳይኖር ሦስት ጊዜ አረምኩት።

ቪዲዮው ተሠራጨ። ሰው አለቀሰ፣ ልብ ላከ፣ ማዳሟን ረገመ። ሁለት ሰዎች ከሥሩ በማይመለከተው ጉዳይ ተጣልተው ተሰዳደቡ። አንዷ ባለ እጇ የምትቀባው ክሬም ምን እንደሆነ ጠየቀች። የክፍሉ ሴቶች ሁሉ የስልክ ፎቶአቸውን በፓስፖርት ሥዕል ለወጡ፤ ያን ሰሞን ማን እንደጻፈችልኝ ለማወቅ ድምፅ እንዲልኩ እለምን ነበር። እኔ በየእሑዱ ቪዲዮውን ያየውን ሰው ብዛት ሰሌዳው ላይ በቀይ እጽፋለሁ። ኮርቼ ነበር፤ አልክድም።

በአራተኛው እሑድ ዘይነባ ቁጥሩን ትኩር ብላ አየችው።

"ቲቸርዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማዳሜ አማርኛ ታነባለች እንዴ?"

 ከኋላ አንዷን ሣቅ አመለጣት፤ ሁላችንም ተከተልናት። ሦስት ጊዜ ሳርም፣ ለማን እንደምጽፍ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩም።

በዐረብኛ እንሥራዋ አልኩ። ዘይነባ "ኸላስ፣ ተዪው። በዐረብኛማ ካየችው መሳቢያውንም ትቆልፈዋለች" አለች። ልክ ነበረች።

ቤት ገብቼ አስተያየቶቹን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩ። ሥርዓት ነው ብዬ እንጂ ተስፋ አድርጌ አይደለም። በልቦቹ መሃል አንዲት ሴት "ይቺን መጋረጃ አውቃታለሁ፤ እኔ ከበላይዋ ነኝ" ብላ ጽፋለች። ትዕግስት ትባላለች፤ እዚያው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ትሠራለች። ደነገጥኩ፤ እሷ ያወቀችውን መጋረጃ ሌላም ሰው ያውቀዋል። ቪዲዮውን አጠፋሁ፤ ለትዕግስት ደወልኩ።

ትዕግስት የዘይነባን ማዳም አሳምራ ታውቃታለች። የቅመም ብልቃጦቿ ሁሉ ስም ተለጥፎባቸዋል፤ ፎጣዎቿ በቀለም ይደረደራሉ፤ ሕንፃው በሙሉ በሥርዓቷ ያደንቃታል። ይህን ስሰማ ሴትየዋ ገባችኝ። እኔም የማርከር ክዳን የምቆጥር ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ክፉ ነሽ ቢሉት ይከራከራል፤ ዝርክርክ ነሽ ቢሉት ግን እንቅልፍ አይወስደውም።

የዚያ ሳምንት የቤት ሥራ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። ትዕግስት ሸሚዝ እየተኮሰች ለራሷ ማዳም፣ "ማዳም፣ የታችኛዋ ልጅ ፓስፖርት ጠፋ እንዴ?" ትላታለች። በቃ። ጥያቄ ውሸት እንዳልሆነ ለክፍሉ በሰፊው አብራራሁ። ዘይነባ "ወንጀሉ በቲቸር ላይ ይሁን" አለች።

እዚህ ማዳሞች ጠዋት ጠዋት ተጠራርተው ይቀመጣሉ፤ ሶብሒዬ ይሉታል። ሐሙስ የዘይነባ ማዳም ተራ ነበር። የሆነውን ዘይነባ ደጋግማ ተርካልናለች። ትሪ ይዛ ስትገባ፣ የትዕግስት ማዳም በጣም አዝና "ሐቢብቲ፣ ውዴ፣ የልጅቷ ፓስፖርት ጠፋብሽ አሉ። አይዞሽ፣ በማንም ይደርሳል" ትላለች። ሌሎቹ ሁለት እንግዶች ሐራም፣ ሐራም፣ ምስኪን እያሉ ከንፈር መጠጡ።

የዘይነባ ማዳም ቀላች። "እኔ? እኔ ዕቃ እጥላለሁ?" ብላ ተነሣች። መሳቢያውን ከፍታ፣ ስም የተለጠፈበት የፕላስቲክ ማኅደር አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዘይነባ ትሪውን አኖረች፤ ማኅደሩን አነሣች። "ሜርሲ ማዳም፣ አላህ ይስጥሽ" ብላ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። በሦስት ጎረቤት ፊት መልሺ ማለት ነውር ነው። የትዕግስት ማዳም "ያላ፣ ልጅሽን ልታዪ ነዋ" ስትል፣ የቤቱ ባለቤት በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ዘይነባ ነሐሴ ላይ አገሯ ገባች። መስከረም ላይ ድምፅ ላከችልኝ። "መዝጋቢው የልጅቷ አሳዳጊ ማን ነው አለኝ። እናቷ ነኝ አልኩት። ሰምቶኛል፤ ግን ደግሜ አልኩት።"

እኔ ባጠፋውም ሰው የቪዲዮውን ቅጂ አስቀርቷል፤ ዛሬም ይዞራል። ባለፈው ወር ዘይነባ ራሷ ያንኑ የእጆቿን ቪዲዮ ከኮምቦልቻ "ቲቸር፣ ለዚች ምስኪን ድረሽላት" ብላ ላከችልኝ።

ከእኔ በኋላ የእሑድ ክፍል ለምትይዙ፣ በዕቅዴ ላይ ግምገማ በሚለው ቦታ የጻፍኩት ይህ ነው። ቪዲዮው አንዲት ጎረቤት አገኘልን። ፓስፖርቱን ያስወጡት ጎረቤቶች ናቸው። ከመለጠፋችሁ በፊት ነገሩ በማን እጅ እንዳለ፣ ያ ሰውም ማንን እንደሚያፍር ሰሌዳው ላይ ጻፉ።