ኖራ የቀባኋቸው ዛፎች

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሰው ፊት መናገር ግን ከመጻፍ ይብስብኛል።

የካ ውስጥ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ እሁድ ከሰዓት ነው። በጠባቧ ክፍል አሥራ አንድ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ክፍሉ እርጥብ ብርድ ልብስና በረኪና ይሸታል። ካቦዋ፣ የክፍሉ አለቃ ማለት ነው፣ "አንቺስ ምን ሠርተሽ ነው?" አለችኝ።

"ድንጋይ ስለቅም።"

"ልትወረውሪው?" ሁሉም ሳቁ።

እውነቴን ነበር። ሲግናል ሰፈር አንድ ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ፤ እሁድ እሁድ እንጦጦ ወጥቼ ድንጋይ እፈልጋለሁ። ከውጭ ሲያዩት ተራ ነው። አንስተው ሲመዝኑት ከመጠኑ ከቀለለ ግን ሆዱ ክፍት ነው፤ በመዶሻ ሲመቱት እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ጥርስ ሞልቶት ይገኛል። ባሕር ዛፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነብኝ፣ ያገኘሁበት ቦታ እንዳይጠፋኝ ግንዱን ኖራ እቀባ ነበር። ጊዜው ክፉ ነው፤ ፖሊሶቹ ለታጣቂዎች መንገድ የማሳይ መሰላቸው።

"ቦታውን ማን አሳየሽ?" አለኝ መርማሪው። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ጠየቀና ዝም አለ። ዝምታው ጨነቀኝ፤ ድንጋዩ የሚገኝበትን ቁልቁለት ያሳዩኝን የአንዲት እንጨት ለቃሚ እናት ስምና ቤት ነገርኩት።

በማግስቱ አመጧቸው። ገና ሲያዩኝ "ውይ ልጄ! አንቺንም?" ብለው አቀፉኝ። "ማን ይሆን የጠቆመብን?"

"እንጃ፣ እማማ" አልኩ።

የእኔ ቤተሰቦች የት እንዳለሁ አያውቁም። ለእሳቸው ግን ልጃቸው በየቀኑ ስንቅ ታመጣለች። ሰሃኑን ወደ እኔ ገፋ አድርገው "ብዪ እንጂ፤ ድንጋይ እንደሆነ አይበላ" ይሉኛል። እምቢ ስል ያጎርሱኛል። ሌሊት ነጠላቸውን ደረቡልኝ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ።

በአራተኛው ቀን ለምርመራ ስጠራ "ኖራውን የቀባሁት እኔ ብቻ ነኝ። እሳቸው ስለ ምልክቱ የሚያውቁት የለም። እንዲህ ብላችሁ ጻፉልኝ" አልኩ። ፈረምኩ። ተመልሼ ክፍሉ መሀል ቆምኩ።

"እማማ፣ የጠቆምኩት እኔ ነኝ።"

እማማ የቆረሱትን እንጀራ ሰሃኑ ላይ መለሱት።

በማግስቱ ተፈቱ። እኔ ሦስት ሳምንት ቆየሁ።

ዛሬም እሁድ እሁድ እወጣለሁ፤ በእሳቸው ሰፈር በኩል ግን አላልፍም። ታሪኩን የሰሙ ሰዎች "ፈርተሽ ነው፤ ማንም ያደርገው ነበር" እያሉ ያጽናኑኛል። እሳቸው ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው ያሉኝን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

"ስሜን መጥራትሽንስ ፈርታ ነው እላለሁ። ሦስት ቀን ከእጄ ስትጎርሺ ምን አስፈራሽ?"