ደመና ታጥናለች ያልሁት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም አልተናገርሁም፤ ለነፍስ አባቴ እንኳ። እሳቸው ፊት ስቀርብ ረቡዕ መግደፌን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ በቅዳሴ መሀል ማንቀላፋቴን እደረድራለሁ። ድንች ሻጭ ትልልቁን ከላይ ያደርጋል፤ እኔ ግን ትንንሹን ከላይ አድርጌ ትልቁን ከጆንያው ሥር እቀብራለሁ። እሳቸውም ስግደት ሰጥተው ይሸኙኛል። እናንተ ስግደት ስለማታዙ ለእናንተ መናገሩ ይቀለኛል። ፈሪ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

ካሴ እባላለሁ። ደብረ ታቦር ዳር፣ ከተማው አልቆ ማሳው በሚጀምርበት ሰፈር አናጢ ነበርሁ። አሁን ሽማግሌ ነኝ፤ ሥራ ሲጠፋ የሚሰጥ ማዕረግ ነው። አጥር የምንጋራት ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። ስምንት ዓመት ዐረብ አገር ሠርታ ስትመለስ ወርቅ አላመጣችም፤ አሠሪዎቿ የጣሉትን የሥጋ ማጠኛ በካርጎ አስመጣች። በርሜል የሚያህል፣ እግር ያለው፣ በመብራት የሚሠራ፣ ሥጋ በጭስ የሚያበስል ብረት ነው። በጎኑ ባለው ሣጥን ከሰጋቱራ የተጨመቀ እንክብል ይጨመርበታል፤ እንክብሉ የፍየል በጠጥ ያህላል። ውስጡ ያለው ጠመዝማዛ ብረት ጥቂት በጥቂት እየገፋ ወደ እሳቱ ያደርሰዋል። የወይራውን ሰጋቱራ ለይታ ከእኔ ትወስድና ባሕር ዳር የከብት መኖ የሚጨምቅ ሰው ዘንድ ታስጨምቀዋለች። ዶሮና የበግ እግር ስታጥንበት ሰፈሩ በሙሉ ምራቁን ይውጣል። ለሆቴልና ለዩኒቨርሲቲ መምህራን እየሸጠች የሟች እናቷን ቤት አደሰችበት፤ ታናሽ እህቷንም ታስተምርበት ነበር። ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ምን እንዳፈረስሁ እንድታውቁ ነው።

የዚያ ብረት ጠላቱ ዝናብ ነው። አንድ ጊዜ ላስቲክ ሸፍና በዝናብ ለኮሰችው። ውሃው ሾልኮ ሣጥኑ ውስጥ ገባ፤ እንክብሉ አብጦ ገንፎ ሆነ፤ ጠመዝማዛውም ተቀረቀረ። ሁለት ቀን ሙሉ በማንኪያ ስንቆፍር ዋልን። ውሃ ባይገባ እንኳ ዝናብ የሚመታው ብረት አይሞቅም፤ እንክብሉን ይጨርስና ዶሮው ጥሬ ይቀራል። የደብረ ታቦር ክረምት ደግሞ ሲጀምር እንጂ ሲጨርስ አይታወቅም። ስለዚህ ተስማማን። አራት ባሕር ዛፍ ተክዬ፣ ሁለት ቆርቆሮ መትቼ ጣሪያ ልሠራላት። ጣሪያው እስኪሠራ ደግሞ ዝናቡ የሚያባራበትን ሰዓት ልነግራት፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ግራ ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛልና።

ቆርቆሮውን በነጋታው ገዝታ ግድግዳዬ ላይ አስደገፈችው። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። አልሠራሁትም። ሚስማር የለም አልሁ፣ ወገቤን አልሁ፣ እንጨቱ እርጥብ ነው አልሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ማለዳ ማለዳ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ጉልበቴ ምን እንደሚል ስትጠይቀኝ ደስ ይለኛል። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ስለ ጉልበቴ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጣሪያው ከተሠራ ማን ይጠይቀኛል? እኔም እንደ ነቢይ ተኮፍሼ፣ እስከ ስምንት ሰዓት አይነካሽም፣ ለኩሽው እላታለሁ። ትለኩሳለች። ጭሱ ይወጣል፤ ሰማዩም ጠርቶ ይውላል።

በዚያ ሐምሌ፣ የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ ሳምንት ሲሆነው፣ ዝናቡ ቀጥ አለ። ጤፍ ተዘርቷል፤ ገበሬው አንገቱን ቀና አድርጎ ይውላል። ትርንጎ ግን ደረቅ ቀን አገኘሁ ብላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ ለመሸጥ በየቀኑ ታጥናለች። አንድ ቀን ከጎረቤታችን ከገበሬው ከዘለቀ ጋር ጠላ ቤት ተቀምጠናል። ዘለቀ በበሩ ሰማዩን አይቶ ተከዘ። እኔ ደግሞ የተከዘ ሰው ሳይ አፌን ያሳክከኛል።

"ትርንጎ ዶሮ የምታጥን ይመስልሃል?" አልሁት። "ደመናውን እኮ ነው የምታጥነው። ቡዳ ሲታጠን እንደሚለቅ ደመናውም ለቀቀ።"

ቤቱ ሳቀ። ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ በራሴ ቀልድ ቀድሞ መሳቅ ልማዴ ነው። ዘለቀ ግን አልሳቀም። እውነትም እሷ ስትለኩስ አይዘንብም አለ፣ ቀስ ብሎ።

አፌን መክፈት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። ስለለኮሰች አይደለም ዝናቡ የቀረው፤ አይዘንብም ብዬ ስለነገርኋት ነው የለኮሰችው ማለት። ይህን ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ጠላዬን ጠጣሁ።

ወሬው በሦስተኛው ቀን ጢም አውጥቶ እኔው ዘንድ ተመለሰ። ዝናብ የሚጠላ ጋኔን በብረት አሽጋ ከዐረብ አገር አምጥታለች ተባለ። ማን አለ ብዬ የነገረኝን ሰው ብጠይቀው፣ ሁሉም ያውቀዋል አለኝ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሰፈሩ ተሰበሰበ። አንዳንዱ ብረቱን እንሰባብረው አለ። ዘለቀ፣ የለም፣ ማጠኑን እንድትተው በሽማግሌ ይነገራት፣ አሻፈረኝ ካለች ያኔ እንሰብረዋለን አለ። ማን ይሂድ ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቀልዱን የወለድሁት እኔ፣ ደግሞ ሽማግሌው እኔ? አልሄድም ብል ለምን ይሉኛል። እውነቱን ብናገር፣ የዝናቡን ሰዓት የሚያውቀው ለካ ካሴ ነው ይሉና ከብረቱ ወደ ጉልበቴ ይዞራሉ፤ ጠንቋይ ተብዬ ማርጀትን ፈራሁ። ወጥመዱን እኔ ጠመድሁት፣ እኔ ገባሁበት፣ በሩንም ከውስጥ የያዝሁት እኔ ነኝ። አይጥ እንኳ ይህን ያህል አትሞኝም።

ሰኞ ሄድሁ። ብረቱ አጠገብ ቆማ የበግ እግር እየገለበጠች አገኘኋት። የሰፈሩን ቃል ነገርኋት። አልጮኸችም። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ዐይን ዐይኔን አየችኝ።

"አያ ካሴ፣ አንቱስ ያምኑታል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ የሰው አፍ ነው" አልሁ። እኔ ምን አውቃለሁ! የዚያን ዕለት ጠዋት ለኩሽው ያልኋት እኔ፣ ምን አውቃለሁ አልሁ።

"እንግዲያው ጣሪያውን ነገ ያቁሙልኝ" አለች። "ዝናቡ ሲመጣ እሱ ሥር ሆኜ እለኩሳለሁ። ጭሱንና ዝናቡን አንድ ላይ ይዩት።"

ልክ ነበረች። አራት እንጨትና ሁለት ቆርቆሮ ነፃ ያወጧት ነበር። እኔ ግን ጣሪያው ቢቆም፣ እስከ ዛሬ ለምን አላቆምህላትም የሚል ይመጣል ብዬ አሰብሁ፤ አንዱ ጥያቄ ሌላውን እየሳበ እስከ ጠላ ቤቱ ይወስደኛል ብዬ አሰብሁ። ስለ ራሴ ብቻ አሰብሁ።

"ተይው ልጄ" አልኋት። "ከሰው ተጣልተሽ የት ትኖሪያለሽ?"

በለስላሳ ድምፅ፣ በአባት ድምፅ ነው ያልሁት። ጎንበስ ብላ ሶኬቱን ነቀለች።

በማግስቱ ጠዋት ጉልበቴ ጠዘጠዘኝ። በአጥሩ ላይ ብቅ ያለ ሰው የለም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ፣ ምን ወረደ፣ ተገለበጠ እንጂ። ቤቴ ታስሬ ዋልሁ፤ ግድግዳዬን የተደገፈውን የእሷን ቆርቆሮ ሲመታው እየሰማሁ። ሲያባራ ዘለቀ አንድ ቁና ገብስ ይዞ መጣና፣ ሽማግሌ አያሳጣን ብሎ መረቀኝ። ገብሱን ተቀበልሁ። ቆልቼም በላሁት።

ትርንጎ መስከረም ላይ ብረቱን ለብየዳ ቤት ሸጠች፤ እህቷን አክስቷ ዘንድ አስጠግታ ተመልሳ ዐረብ አገር ሄደች።

አሁን ይቅር በሉኝ ልላችሁ ነው? አልልም። እናንተን ምን በደልሁ? የበደልሁት እሷን ነው፤ እሷ ደግሞ አልጠፋችም፤ በየዓመት በዓሉ ትደውልልኛለች። ስለ ሰፈሩ ሰው አንድ ክፉ ቃል አይወጣትም። ብረቴን ሊሰብሩት ሲሉ በሰላም የጨረሱልኝ አንቱ ነዎት ትለኛለች፤ ለእኔ ያዘነ ከአንቱ በቀር ማን ነበረ፣ እግዜር ይስጥልኝ ትለኛለች። በየዓመቱ ዘንድሮስ እነግራታለሁ እላለሁ። በየዓመቱ እኔ ካሴ፣ አፌ አርፎ የማያውቀው ቀልደኛ፣ አፌን እከፍታለሁ።

አሜን እላታለሁ።