የመሪጌታ ምንዋጋው ሰማዕት

መሪጌታ ምንዋጋው ሰቆጣ ዙሪያ የቅኔ መምህር ናቸው። ጠዋት ተማሪዎቻቸውን ያስተምራሉ፤ ከሰዓት ፍየሎቻቸውን ከሰው ማሳ ይመልሳሉ። በመካከል ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ረጅም ግጥም ጻፉ። ሰባት ደብተር! እኔ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ ግማሽ ደብተር ግጥም አልሞላሁም።

ታሪኩ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን፣ ክርስቲያን ሁሉ ሲሳደድ ነው። የጣዖት ካህን ልጅ የሆነችው አውራንያ ክርስቲያኑን ወታደር ቴክላዎስን ትወዳለች። አባቷ ይከለክላታል። ፍቅሩን አስባ ሳይሆን እምነቱን አይታ ትጠመቃለች፤ በመጨረሻም ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው አንበሶች መካከል ይገባሉ።

መሪጌታ ይህን ለማንም አላሳዩም ነበር። ጥቅምት 16 ግን የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ሲሰበሰብ የሚነበበው ተአምረ ማርያም ሊጠረዝ ሄዶ ነበር። ሴቶቹ "ያለ ንባብማ አንበተንም" አሉ። መሪጌታም ከጋቢያቸው ሥር ሰባተኛውን ደብተር አወጡ።

ሲጨርሱ ያላለቀሰ አልነበረም። ማኅበርተኛው እንደ ልማዱ ተነሥቶ በየተራ ደብተሩን ተሳለመ። ሽፋኑ ላይ ኳስ የሚመታ ተጫዋች አለ፤ እማማ ጸሐይነሽ ግንባራቸውን ያሳረፉት ተጫዋቹ ጉልበት ላይ ነው። "ፈጠራ ነው" ማለት ያኔ ነበር። መሪጌታ ግን ያን ሁሉ እንባ ሲያዩ ደብተሩን ተቀብለው ወደ ጋቢያቸው ሥር መለሱት።

ኅዳር 16 ቅዳሴ ሲያበቃ እማማ ጸሐይነሽ ቀይ የከፋይ ጥላ ይዘው ብቅ አሉ። ዓረብ አገር የሄደችው ልጃቸው ሶስና ስምንት ወር ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር፤ ከማኅበሩ በኋላ በሳምንቱ ደወለች።

"ለሰማዕቷ ለአውራንያ ተስዬ ነበር!" አሉ በሕዝቡ ፊት። እልልታው ቀለጠ።

መሪጌታን ላብ አጠመቃቸው። ዝም ካሉ ሰው የሌለች ሰማዕት ሲማጸን ሊኖር ነው። ከተናገሩ ደግሞ ሰማዕት ፈጥሮ ላስነበበ መምህር ማን ልጁን ይሰጣል? ጉባኤ ቤታቸው መዘጋቱ ነው። እዚያው ሕዝቡ መካከል በቆሙት በደብሩ አለቃ በገብረ አምላክ እግር ላይ ወደቁ።

"ይፍቱኝ፣ አባቴ። አውራንያ የምትባል ሰማዕት የለችም። የጻፍኳት እኔ ነኝ።"

እልልታው ተቋረጠ።

"የለችም?" አሉ አለቃ።

"የለችም።"

"አንተ ምንዋጋው! በዓሏን ስፈልግ ስንክሳሩን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ሁለት ጊዜ ጨርሻለሁ እኮ! ዓይኔን አጠፋኸው!"

ቀድመው የሳቁት ዲያቆናቱ ናቸው፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ። አለቃ ራሳቸው ላለመሳቅ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

"ሃምሳ ስገድ። በየደብተሩ ላይም 'ልብ ወለድ' ብለህ ጻፍ፣ በትልቁ! ነገ ደግሞ ወደ ተማሪዎችህ።"

እማማ ጸሐይነሽ ጥላውን ለአንዱ ዲያቆን ሰጡ። "ልጄን ያሰማኝ እግዚአብሔር ነው፤ ልቤን ያውቃል። ለኪዳነ ምሕረት ይሁን።" ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞሩ። "ቆይ፣ ቆይ። አንበሶቹንም የጻፉት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ፣ እናቴ።"

"ታዲያ ልጅቷ ምን አደረገችዎ? መዳር እየቻሉ ለአንበሳ ይሰጣሉ?"

"ሰማዕት እኮ መሞት..."

"አሁን የለችም አላሉም?"

በቅኔ ተሸንፈው የማያውቁት መሪጌታ ሃምሳውን ስግደት ጀመሩ።

ትናንት ቤታቸው ሄጄ አዲስ የጀመሩትን ስምንተኛ ደብተር አየሁ። "ልብ ወለድ" የሚለው ጽሕፈት የዚህኛውንም ተጫዋች ፊት ሸፍኖታል።

"አንበሶቹስ?" አልኳቸው።

"ወሩን ወደ ኅዳር አዞርኩት" አሉ ቀና ሳይሉ። "ጾም ገብቷል። ሥጋ አይነኩም።"

በጾም ሠርግ ስለማይሆን የአውራንያና የቴክላዎስ ጋብቻ የሚነበበው ጥር 16 ነው። እማማ ጸሐይነሽ ከወዲሁ ጌሾ አስወቅጠዋል።