በእንግሊዝኛ የተጠራው ደመና

ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ኮሌጅ በገባሁበት በመጀመሪያው መንፈቅ፣ ስለ ወደፊቱ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚነገር ተማርን። አሁን ገና የወሰንነውን «አይ ዊል» እንላለን፤ ምልክቱ በዓይን የሚታይ ከሆነ ግን «ጎይንግ ቱ» ነው። አስተማሪያችን ኡስታዝ ምሳሌ ሲሰጡ ወደ ሰማይ ጠቆሙ። ጥቁር ደመና ካያችሁ «ኢት ኢዝ ጎይንግ ቱ ሬይን» በሉ፤ ሊዘንብ ነው ማለት ነው። እዚህ እሑድ የትምህርት ቀን ነው፤ የዚያን እሑድ የቃል ፈተና ስለነበረብን በሄድሁበት ሁሉ እለማመደው ነበር።

ሐሙስ ዕለት እናቴን ላግዝ ሰሊጥ እርሻው ወዳለበት ወደ ቁረይሻ ወረድሁ። እናቴ ከመተማ ለመጡ ሰሊጥ አጫጆች ምግብ ትሠራለች። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ተደጋግፎ ቆሟል፤ ፍሬው አፉን ከፍቶ መራገፍ ብቻ ነው የቀረው። በዚህ ጊዜ ዝናብ ከነካው የዓመቱ ልፋት ጭቃ ላይ ይቀራል። ሰዎቹ ምሳ እየበሉ ሳለ ቀና ስል ደመና አየሁ። እንዲህ ያለ ዕድል! ጮክ ብዬ «ኢት ኢዝ ጎይንግ ቱ ሬይን!» አልሁ።

«ምን አለች?» አሉ የአጫጆቹ አለቃ፣ ሸምገል ያሉ ሰው።

እንደ ጎበዝ ተማሪ ተረጎምሁላቸው። የሚበላው ሁሉ እጁን ገታ።

«ምላስሽን ሰብስቢ!» አለች እናቴ።

«ኮሌጅ የላክናት ዝናብ እንድትጠራብን ነው?» አለ አንዱ።

«የአማርኛውንስ እግዜር ለምዶታል» አለ ሌላው። «በእንግሊዝኛ ሲሰማ የመንግሥት ትእዛዝ ይመስለዋል።»

አለቃው ግን አልሳቁም። «መልሺው፣ የኔ ልጅ። በዚያው ቋንቋ መልሺው።»

«እንዴት ብዬ፣ ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቄ! ተማሪዋ አንቺ።»

ወደ ደመናው ዞሬ «ኢት ኢዝ ኖት ጎይንግ ቱ ሬይን» አልሁ። እናቴ «እግዚአብሔር ካለ በይበት» አለችኝ፤ እሱን በአማርኛ ጨመርሁ። ሁሉም «አሜን» አሉ። ሰሊጡ ተራግፎ እስኪያልቅ ዝናብን በየትኛውም ቋንቋ እንዳልጠራ ቃል አስገቡኝ። ደመናውም ሳያካፋ አለፈ።

ቅዳሜ ገዳሪፍ ስመለስ የሰሊጡ እኩሌታ ገና አልተራገፈም ነበር።

እሑድ ኡስታዝ አንድ ሥዕል ዘረጉልኝ። ጥቁር ደመና፣ ከሥሩ ደግሞ ልብስ ያሰጣ ሰውዬ። «ምን ሊሆን ነው?» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ይህን ፈተና ካላለፍሁ ሁለተኛውን መንፈቅ አልቀጥልም።

«ሰውዬው ሊሮጥ ነው» አልሁ፣ በ«ጎይንግ ቱ»።

«ጥሩ። ከዚያስ?»

«ልብሱን ሊያስገባ ነው።»

«ለምን?»

በአረብኛ «ኡስታዝ፣ ቁረይሻ ያልተራገፈ ሰሊጥ አለን» አልኋቸው።

ኡስታዝ የገዳሪፍ ተወላጅ ናቸው። በመስኮቱ ሰማዩን አዩና ሥዕሉን ቀስ ብለው ገልብጠው አስቀመጡት።

«የወንድሜም ሰሊጥ ሜዳ ላይ ነው» አሉ። «ኸላስ፣ ይብቃ፤ ሌላ ሥዕል እንይ።»

ሁለተኛው ሥዕል አውቶቡስ ነበር። ወደ ከሰላ ሊሄድ ነው፣ ሰው ሊሞላ ነው፣ ሾፌሩ ሊቆጣ ነው፤ እስኪበቃኝ ተናገርሁ። አለፍሁም።