ሁለቱ ስሙኒዎችና ጅቡ

ልጅ ሳለሁ ከጅብ ይልቅ የምፈራው ጅቡን የሚያመጡትን ሁለት ስሙኒዎች ነበር። ያኔ በደርግ ዘመን፣ አዳማ ውስጥ ሰዓት እላፊ ስለነበር፣ የግቢያችን ልጆች ከራት በኋላ ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ቤት እንሰበሰባለን። ጋሽ ደምሴ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ተረት ሲያወሩም ሒሳባቸውን አይተዉም። የከሰሉ ፍም እየከሰመ፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ሁለት ስሙኒ ወደ ላይ ይወረውራሉ። ስሙኒው በአንድ ፊቱ አንበሳ፣ በሌላው ሰው አለው። ሁለት አንበሳ ከወጣ የአንበሳ ተረት፣ አንድ ከወጣ የጦጣ፣ አንድም ካልወጣ የጅብ።

ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ከጸሎት ቤት የማይቀሩ ሴት ስለነበሩ ስሙኒዎቹ በተንቃጨሉ ቁጥር፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቤቴን ቁማር ቤት አደረግኸው!» ይላሉ።

«ቁማር አይደለም፤ ይሆንታ የሚባል የሒሳብ ትምህርት ነው።»

ከዚያ በከሰል ስባሪ ሲሚንቶው ላይ ይጽፉልናል። ሁለት አንበሳ የሚመጣው በአንድ መንገድ ነው፤ ባዶም በአንድ መንገድ። አንድ አንበሳ ግን ከዚህኛውም ከዚያኛውም ስሙኒ ሊመጣ ስለሚችል ሁለት መንገድ አለው። «ስለዚህ ጦጣ ትበዛለች፤ ጅብ ከአራት አንድ ነው።»

ለሌሎቹ ልጆች ጨዋታ ነበር፤ ለእኔ የፍራሽ ጉዳይ ነው። ሽንት ቤታችን ከግቢው ጥግ፣ ከቁልቋሉ ጀርባ ስለሆነ የጅብ ተረት ሰምቶ ወደዚያ መሄድ አይታሰብም። አንድ ፍራሽ የምንጋራው እህቴ ዓለሚቱ ደግሞ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ድገም፣ ከዶሮዎቹ ጋር ታድራለህ!» ብላ ዝታብኛለች። ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፤ ስሙኒዎቹ ሳይወድቁ ውሃ የሚባል ነገር በአፌ አይዞርም።

አንድ ቀን ከወንጂ የመጣ ዘመድ እንደ ክንዴ የወፈረ ሸንኮራ አመጣልን። ባለፉት ሁለት ምሽቶች የወጣው ጅብ ነበር። ተቀምጬ አሰላሁ፤ ጅቡ ድርሻውን ጨርሷል፣ ዛሬ ተራው የጦጣ ነው። ሸንኮራዬን እስከ መጨረሻው አንጓ መጠጥኩት።

ስሙኒዎቹ ተወረወሩ፣ ተንከባለሉ፣ ወደቁ። ሰውና ሰው። ያን ምሽት ጋሽ ደምሴ፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል፣ ጅባቸውን ቁልቋል ጀርባ እንዲያደባ አደረጉት።

ጠዋት ፍራሹ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል፤ ዓለሚቱ ለአላፊ አግዳሚው እንዲታይ አድርጋ ነው የሰቀለችው። ጋሽ ደምሴ ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ ፍራሹን አዩ፣ ቀጥለው እኔን አዩ።

«ያን ሁሉ ሸንኮራ ምን ተማምነህ ነው?»

«ሁለት ቀን ጅብ ስለወጣ... ሦስተኛ አይወጣም ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ልጄ፣ ስሙኒ እኮ ትናንት ምን እንደወጣ አያውቅም» አሉኝ በሐዘኔታ።

እትዬ አስቴር ከበሩ ላይ ሆነው፣ «ስሙኒው ባያውቅ ሰፈሩ አውቋል!» አሉ።

በዚያው ማታ ዓለሚቱ ከቆጡ ሥር ጆንያ አነጠፈችልኝ። ያዳነችኝ እናቴ ናት፤ ዶሮዎቹ ይታመማሉ ብላ።

ዛሬ ሸምግያለሁ። ትምህርቴ ብዙ አልገፋም፤ ይህቺ ሒሳብ ግን አብራኝ ቀረች። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ስለዘነበ ዛሬ አይዘንብም ብዬ ጃንጥላዬን ጥዬ ወጥቼ አላውቅም። የልጅ ልጆቼ ተረት ሲጠይቁኝም መጀመሪያ ሽንት ቤት ደርሼ እመለሳለሁ። እርጅና ነው እያሉ ይስቃሉ። ይሳቁ። ሽንት ቤቱ አሁን ቤት ውስጥ ነው፣ መብራትም አለው፤ ጅቡ ግን እስከ ዛሬ ከአራት አንድ ነው።